ቃለ ጉባኤ፦ የሐዋሳ መረብ ኳስ ማኅበር

ከሰባት አባላት ሦስት ሆነን ተገኘን፤
«ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ተባባልን።
ማኅተሙ ከኪሴ፣ ሰነዱ ካልጋ ሥር፣
ቢሮው ፀጉር ቤት ነው ካለፈው ጥቅምት ወር።

አጀንዳ አንድ፦ መረብ። አጀንዳ ሁለት፦ መረብ።
ሦስተኛው ይደር አልን፤ ሆድም ጀመረ መራብ።

ሌዳሞ ዓሣ አጥማጁ፣ መዝገብ የማያውቀው፣
ካሞራ ገደል መጥቶ መረቡን ዳሰሰው፤
«በዚህስ ቆሮሶ ቀርቶ ጀልባም ያመልጣል» ብሎ
ክሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ጫማውን አውልቆ ጥሎ
እስኪመሽ ቋጠረው።

ቅዳሜ፣ ከታቦር ሥር፣ ፀዳለ ኳሷን ስትመታት
የሐይቅ ሽታ ያለው ገመድ ላስ አድርጎ አሳለፋት።

ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ።
«የተገኙ» ከሚለው ሥር፣ አራተኛ አድርጌ ሌዳሞን ጻፍኩት፤
ማኅተሙን በትንፋሼ አሙቄ መታሁት።