የሰኞ ቃል

ሰኞ በማለዳ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወገብ ሳይነሳ፣
ዙቤር አንድ ቃል ይለጥፋል፣ ከሱቁ መስኮት ላይ፣ ፒያሳ።
ደብተር ሊገዛ ለመጣው ምንም አይነግረው፤
እኛ ስድስታችን ግን ሳምንቱን ሙሉ ነው የምንሸከመው።

ሕጉ አጭር ነው፦ ካርቶን፣ አራት ጣት በአራት ጣት፤
ጥቁር እስክሪብቶ፤ ላጲስ የሌለበት፤
መስመር ከትንፋሽ ጋር ይወጣል፣ ከትንፋሽ ጋር ያርፋል፤
ምን እንደሚወጣው ቀድሞ ያወቀ፣ ቀድሞ ተሸንፏል።

አንድ ሰሞን «ጠጠር» አለ፤ አንድ ሰሞን «የዓሣ ቅርፊት»፤
ክረምት ላይ «ቆርቆሮ»፣ ሁላችንም ሳልነው ዝናብ ሲወርድበት።
ጡረተኛው የመንገድ ሥራ ሰው፣ ጋሽ ደምለው፣
ኩርባ እንጂ ቀጥታ አያውቁም፤ እጃቸው እንደዚያ ነው የለመደው።
ሸምሲያ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ነጥብ በነጥብ፣ እንክብል በእንክብል፣
ስትሞላው ታመሻለች፣ ሳትቸኩል።
የሚኒባስ ረዳቱ ሙሄ፣ «እኔ መሳል አልችልም» ብሎ የጀመረ፣
አሁን ጣቱ ሁሌ የጠቆረ።

የኔ ሥራ እንከን ነው።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
በመብራቱ ላይ ጨርቁ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ቦርከና ይመስል አያውቅም «በቃ»።
የተዘለለ ድር፣ የላላ ማግ፣ የዘይት ጠብታ፣
አድኜ በጠመኔ እከባለሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመት፣ በየማታ።
ካርቶኗን የወደድኳትም ለዚህ ይመስለኛል፦
እዚያ ላይ የሳተ መስመር ሌላ መስመር ያስጠጋዋል።

እና ባለፈው ሳምንት ዙቤር የለጠፈው ቃል፣
«እንከን»።
ሳቅሁ። እንጀራዬ አይደል፣ አልኩ፣ ማን ይቀድመኛል?

ማክሰኞ ሆን ብዬ መስመር አጣመምኩ፤
ውሸት መሰለኝ፤ ቀደድኩ።
ረቡዕ የሙዳይ ሰበዝ ሳልኩና፣ በየሰባተኛው አንድ ዘለልኩ፤
ዝላዩ ራሱ ጥለት ሆነ። ተውኩ።

ሐሙስ ወደ ፈረቃዬ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ፣
ካርቶኗ ጉልበቴ ላይ፤
(ጋሽ ደምለው፣ «ስሙ ከብራና ሐረግ ነው» ይላሉ፣
እውነቱን እንጃ፤ ኩርባዎቹ ግን ይመስላሉ።)
ሲኖ ከኩርባው ብቅ ቢል ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ፣
እስክሪብቶዬም ከጥግ እስከ ጥግ ካርቶኗን ሰንጥቆ ሮጠ።
አልሃምዱሊላህ! አልኩ በልቤ፤ ይኸው፣ ያልታሰበ፣ እውነተኛ።

ግን እጅ ክፉ ነው፤ ልማድ አይተኛ።
አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ቅጠል፤ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ቋጠሮ፤
ሦስት ኩርባ ሳንወርድ ጭረቱ ግንድ ሆነ፣ ከሌላው ጋር አብሮ።
የኮምቦልቻ ሙቀት ፊቴን ሲነካው፣ ቀና ብዬ ባየው፣
ጭረቱ የለም። ሰፍቼ ደብቄዋለሁ፣ እኔው።

ሰኞ ሁሉም አመጡ።
ሸምሲያ አንዲት ነጥብ አጉድላለች፤ ብቻ አንዲት።
ጋሽ ደምለው ቀጥ ያለ መስመር፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን።
ሙሄ አውራ ጣቱን በማኅተም ቀለም ነክሮ
ባዶው ካርቶን ላይ አንዴ አሳርፏል፤ በቃ።
«ተስሎ ነው የተሰጠኝ፣ እኔ የለሁበትም» አለ።
ሳቅን። ዙቤር ግን አልሳቀም፤ ቆሞ አየው፣
ክብ በክብ ውስጥ፣ ክብ በክብ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ ጠባሳ።

የኔን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ «እንከኑ የታል?»
እኔም ፈለግሁ።
አሥራ ስድስት ዓመት ሲያድን የኖረ ዓይን፣ አጣው።
«ነበረ» አልኩ።
«አብሽሪ» ብሎ ከሙሄ አውራ ጣት አጠገብ ሰቀለው።

በዚያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ነጭ ጨርቅ፤ አንድ ማግ ዘሎ፣ የጥፍር ያህል፣
በመብራቱ ላይ መጣ።
ጠመኔዬን አነሳሁ።
ትንፋሼን ሳብኩ፣
ለቀቅሁ።
አሳለፍኩት።
የማን አንሶላ ይሆን? የማን ነጠላ? የማን ከፈን?

የዚህ ሳምንት ቃል «ጥላ» ነው።
ገና አልጀመርኩም።