ለበር የሚያዋጣ

ከቦርከና ድልድይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣
ቀይ አምፑል ቆርቆሮው ግንባር ላይ ተሰቅሎ፣
ስድስት ደረጃ ነው፤ አራተኛው ስብር፤
እዚያ ነው የምቆም፣ እዚያ ነው የማድር።

ባለቤቱ ጌታሰው ሽቅብ እያየኝ
«ቁመትህ ይበቃል» ብሎ ነው የቀጠረኝ፤
ቁመቴ ግን ራሱ ምንም አላስተማረኝ።
በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሲኖ ሹፌር
ኮሌታዬን ይዞ አዞረኝ እንደ በር።
በነጋታው ወሰንኩ፦ አንድ ነገር ልማር፤
ግን የቱን? ከማን ዘንድ? ስንት ብር በወር?

ደሴ ወጣሁ።
ዶሮ መዝለያን አልፌ፣ ሚኒባሱ በር ላይ ተጣብቄ፣
ጦሳን ጉም ሲውጠው በመስኮት አጮልቄ፣
ማስተር ወርቅአገኘሁ አዳራሽ ገባሁኝ፤
ነጭ ልብስ አልብሶ «ተንበርከክ» አለኝ።
ሦስት ወር እግሬን ከጆሮዬ በላይ ሰቀልኩ፣
በኮሪያ ቋንቋ እስከ አሥር ቆጠርኩ፣
ቢጫ ቀበቶ አሰርኩ።
ማስተርን አላማም፤ ቴኳንዶው ያምራል፤
እሱ አየር ላይ ሲዞር ዓይን አብሮት ይዞራል።
የእኔ ደረጃ ግን ቢራ ይፈስበታል።
ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ አንዱን እግሬን ሰቀልኩ፤
ሌላው አልጠበቀኝም፤
ስድስቱንም ደረጃ በመቀመጫዬ ቆጠርኩ፣
በኮሪያ ቋንቋ።

ቀጥሎ ቦክስ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቁ ኋላ፣
አሸዋ የጠጣ ጆንያ፣ ላብ ላብ የሚል ጥላ።
አሠልጣኙ እንድሪስ፣ አንድ ዓይኑ የፈዘዘ፣
«አጭር ነው ሙያችን» አለኝ፣ እጄን እየያዘ።
እውነት ነው፣ አጭር ነው። በጥቅምት አንድ ማታ
አጭሯን ሰነዘርኩ፤
የልጁን መንጋጋ ሰማሁት ሲፈታ።
ማን ነው ብትሉ፣ ተስፉ፣ የእትዬ ደብሪቱ፤ እናቴ ስትታመም
በባጃጁ አድርሶን «ሂሳብ አልቀበልም»
ያለው ልጅ። ያ አፍ ነው።
ሽማግሌ ገባ፤ ካሳ ተቆረጠ፤
እሱ በስትሮ ሾርባ፣ እኔ በዱቤ ዳቦ፣ ጥር እንኳ አመለጠ።
ጓንቱ እንድሪስ ምስማር ላይ ቀረ።

ይመር ሻረው ጫኝና አውራጅ ነው፣ ደረቅ ወደብ፤
ቀበቶው ገመድ ነው።
አንድ ሌሊት ሂሳቡን ከፍሎ ሊወጣ ሲል
አንዱ ጠርሙስ ሰብሮ ወደ እኔ ይንቀለቀላል።
ይመር ከኋላው ሄደ፤ ሳይቸኩል፤
እጁን በብብቱ ሥር አሳለፈ፣
ጉልበቱን አጠፈ፣ ጀርባውን አቀና፣
አቀፈው።
ጠርሙሱ በራሱ ጊዜ ወደቀ።
«ምን ይባላል ይሄ?» አልኩት።
«ምን ይባላል?» አለ። «ሰሊጥ ስትሸከም እንደምትይዘው ነዋ! እንዳይፈስ!»

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ፣ ቤቱ ሲዘጋ፣
እሱ በውሸት ይሰክራል፣ እኔ አነጋለሁ እሱ ጋ።
«ከክርን በላይ ያዝ። አገጭህን ደብቅ። አትቸኩል።
አንገት አትንካ፤ አንገት የፈጣሪ ነው» ይላል።
ክፍያው አንድ ሳህን ፉል።

ትናንት ተስፉ መጣ። ያችን ጥቅምት በሆዱ ይዟል፤
«ና ድገመኝ» ይላል፤ ኮቱን አውልቆ ጥሏል።
ሙዚቃው ግድግዳውን ይደበድባል፤ ሰው ስልኩን አውጥቷል።
እጄ ጡጫ ልሁን ሲል ሰማሁት፤ ከለከልኩት።
ከኋላው ዞርኩ፤ ጉልበቴን አጠፍኩ፤ አቀፍኩት።
ሲንፈራገጥ፣ ሲሳደብ፣ ደግሞ ሲያለቅስ፣
ስብሯን ደረጃ ዘለን ባጃጁ ጋ እስክንደርስ
ያዝኩት። እንዳይፈስ።

እናቱ ደጅ ሳወርደው ትከሻዬን ነከሰኝ፤
በሸሚዜ አልፎ። አሁንም ይጠዘጥዘኛል።
መንጋጋው ድኗል ማለት ነው።