ሁለተኛው ጆንያ

ቬላዩዳን መጣ ዝናቡን ለብሶ፣
የትሪሹርን ጭቃ በእግሩ አግበስብሶ፤
ሁለት ጆንያ ልጥ ከብስክሌት አወረደ፣
ከጠረጴዛዬ ሥር ጎን ለጎን አጋደደ።
«አሾካ ነው» አለ፣ «ሁለቱም አንድ ነው፤
ስሙንስ በሰፈር የማያውቀው ማነው?»

ስሙማ ያምራል። በጥንቱ ልሳን «ሐዘን አልባ» ማለት፤
የሚደማ ማሕፀን ተስፋ የሚጥልበት።
እኔ ግን ደመወዜ ስም ላለማመን ነው።

በምላጭ አሳስቼ መስታወት ላይ አስተኛሁት፤
ቀይ ቀለም ጠብ አርጌ ዓይኔን ደፋሁበት።

የመጀመሪያው ልጥ
ክሩ እንደ መሰላል የተደራረበ፣
በሌላ ዛፍ ስም ሊመሰክር የቀረበ።
በሐምራዊው መብራት ሳየው ማታ ላይ
ነጠብጣቡ ቆሟል ሌላ ከፍታ ላይ።

«አባባ፣ ይሄኛው ከየት ነው የመጣው?»
«ከትምህርት ቤቱ በር፣ አጥሩ ጥግ ከቆመው፤
ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ቅጠለ ዘንፋላ፤
ርእሰ መምህሩም አሾካ ነው የሚለው።»

አልዋሸም ሽማግሌው። የዋሸው ስሙ ነው።
ሚስቱ ፓሩኩቲ ሦስት ክረምት ሙሉ
ያንኑ ነበር ቀቅላ የጠጣችው።
እንዴት እንደሆነች አልጠየቅሁትም፤
ዝም ብሎ የቀለበት ጣቱን ያሽ ነበር።

ሁለተኛውን ከፈትኩ።
ገና ስነክረው ውሃው ደም መሰለ፤
የድንጋይ ህዋሳቱ እንደ ሩዝ ተሰድረው፣
ክሪስታሎቹ በጨለማው መሃል ብልጭ ሲሉ፣
ነጠብጣቡም ከማመሳከሪያው ጋር፣ ልክ በልኩ።
እውነተኛ።

ደስ ሊለኝ ሲጀምር ቬላዩዳን ሳቀ፣
ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ እንደ ልጡ ደረቀ።
«እሱንማ የላጥኩት ከእባቦቹ ደን ነው፣
ወንዙ ማዶ ካለች ብቸኛ ዛፍ ነው።
አንድ ናት የቀረችን። ግማሽ ጎኗን ወሰድኩ፣
ለእባቦቹ ወተት አፍስሼ ይቅርታ እየጠየቅኩ።
አሁን አንቺ ደግሞ ማኅተም ካሳረፍሽ
ፋብሪካው በነጋታው መጥረቢያ ይዞ መጣልሽ።»

ቅጹ ፊቴ አለ። ሁለት ሳጥን አለው፤
«ነው»። «አይደለም»።
ለዛፍ የሚታዘንበት ሳጥን የለውም።
ሐሰተኛው በሐሰቱ ዕድሜውን ይጠግባል፤
ልጆች ከጥላው ሥር ኳስ ይለጋሉ።
እሷ ግን፣ እሷነቷ ስለተረጋገጠ፣
በእኔው ብዕር ጫፍ ላይ
ልጧ ተራሰ፣ ጉድጓዷ ተማሰ።

«ነው» ላይ ምልክት አደረግሁ። ውሸት አልጽፍም።
ግን «የተገኘበት ቦታ» በሚለው መስመር ላይ
ከጓንቴ ውሃ ጠብ አለና ቀለሙ ፈሰሰ።
አልደገምኩትም።

ቬላዩዳን የመጀመሪያውን ጆንያ ወደ ትከሻው እያነሳ
«ይሄስ» አለ፣ «ለማገዶ አያንስም።»