የቦርከና ጠጠር

ሰአዳ የሌሊት ፈረቃ ገባችና
የጠዋቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀና —
ካልሲ መፈለጉ፣ ፀጉር ማበጠሩ፣
ይሄ ሁሉ ቀላል፤ ቁርሱ ነው ችግሩ።
ነስሩ ገንፎ ሲያይ አንገቱን ይደፋል፣
የኢክራም እንቁላል ለድመት ይተርፋል።
የሱቅ ብስኩት ሲሆን፣ ያ ስኳር፣ ያ ቀለም፣
ከላስቲኩ በቀር የሚተርፍ የለም።

አንድ ሌሊት ነስሩ ጉንጩን በእጁ ይዞ
ሲያቃስት አደረ ግድግዳ ተመርኩዞ።
ሐኪሟ ጥርሱን አየች፤ ዞራ እኔን አየች፤
«ቁርሱ ምንድን ነው?» አለች።
መልስ አጣሁ።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ የማውቀው ትኩሳት
የባቲ አቀበት ያመጣው ነው፣ የሞተር እሳት።
ከጅቡቲ መጥቶ ኮምቦልቻ የሚያድር
ተሳቢ ነው የኔ በሽተኛ፣ የኔ ምስጢር።
ዱቄት ምን አውቄ! አፍሬም ተሳቅቄ
ዘይነባ ዳቦ ቤት ቆምኩኝ ተደብቄ።
ገበያተኛው ሲያልቅ ሰምታኝ ሳቀች፣ ሳቀች፤
ከዚያ እስክሪብቶዬን ከኪሴ ነጠቀች፤
በከረጢት ጫፍ ላይ ጻፈች፦
«አጃ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ሙዝ የተደፈጠጠ፣
ሰሊጥ፣ ጠብታ ዘይት፣ ለውዝ የተወቀጠ።
ስኳር የሚባል ተው፤ ተምር ይበቃዋል፤
እሳት አታጣድፍ፤ ትዕግሥት ያወጣዋል።»

ምድጃው እንኳን የኔው ሙያ ሆነ፤
የላሜራ ሳጥን፣ ከላይ ከታች በፍም የተከደነ።
የመጀመሪያው ቀን ከሰልና ከሰል፤
ሁለተኛው ደግሞ ሊጥ ነው፣ የማይበስል።
በሦስተኛው፣ እጄን በኦሞ ፈትጌ
(ግራሶ ከጥፍር ስር መች ይለቃል ወትሮ!)
ሊጡን አድቦልቡዬ፣ ጠፍጠፍ አድርጌ —
ወጡ።
ቡናማ፣ ጎርባጣ፣ ጠርዛቸው ያረረ፣
ሽታቸው ካጥር ዘሎ መንደሩን የዞረ።

«ምንድን ነው?» አለ ነስሩ።
እኔ ሞኙ፣
«ጤናማ ነው፤ ለጥርስ፣ ለአጥንት…» ብዬ ጀመርኩ።
«ጤናማ» ስል ገና ጫማ አጠለቁ፤
ድመቷም አሽትታ አየች ወደ ሩቁ።

በላስቲክ ቋጠርኩት፣ ለጋራዥ ልጆች ብዬ።
(ተናድጄ አይደለም። ትንሽ ተናድጄ ነበር።)
ቦርከና ድልድይ ላይ ነስሩ ቀጥ አለና
ቁልቁል ወደ ጠጠሩ ጣቱን ቀሰረና፣
«አባዬ፣ ያንተ ብስኩት ይሄን ይመስላል!»
አለኝ። ለምን ልዋሽ፣ ቁርጥ ይመስላል።
«ከዚያ ነው የለቀምኩት፣» አልኩት ድምፄን ቀንሼ፣
«ሌሊት ውሃው ሲተኛ፣ በጨለማ ተመላልሼ።
ለትንሽ ልጅ ግን አይሆንም፤ ጥርስ ይፈልጋል።»
ዝም አለ።
እጁ ወደ ላስቲኩ ቀስ እያለ ይጠጋል —
ቀርጨም።
«ለኔስ?» አለች ኢክራም።
የትምህርት ቤቱ በር ሳይታይ
ላስቲኩ ባዶ ነበር።

ረቡዕ ከመምህሩ ወረቀት መጣልኝ፤
«ልጅዎ ‹ድንጋይ በላሁ› ይላል፤ ይምጡና ያስረዱልኝ።
የክፍሉ ልጅ ሁሉ ድንጋይ አምጣ ይለዋል፤
ሁለቱን በአንድ እርሳስ ይቀያይራቸዋል።»
ሄጄ አስረዳሁ፣ ሦስት ይዤ።
ሁለቱን እዚያው በላ፤ ሦስተኛውን መሳቢያው ውስጥ ከተተ፤
«ለምርመራ፣» አለ።

ሐሙስ ሲነጋጋ ሰአዳ መጣች ቤት፣
የፋብሪካው ጥጥ ቅንድቧን አስመስሎት ሽበት።
«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።
«ጤ…» ልል ብዬ ዋጥኩት። «ድንጋይ ነው፣» አልኳት።
ሻይዋ ውስጥ ነከረች፤ አንዴ ገመጠች፤
ጫማዋን ሳታወልቅ ጎኗን አሳረፈች፤
ግማሹን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

ነስሩ ቦርሳውን አዝሎ፣ ኮቴውን አጥፍቶ፣
ግማሹን ከመዳፏ ፈልቅቆ አውጥቶ
አፉ ውስጥ ከተተ።
በቦታው ከኪሱ
እውነተኛ ጠጠር፣ ገና ያልደረቀ፣
አስቀመጠና
ጣቶቿን አንድ በአንድ መልሶ አጠፈላት።