ቃለ ጉባኤ

ከደብረ ሲና ወጣ ብሎ፣ ወደ ጣርማ በር ሲኬድ፣
ጉም ቀን ሙሉ ከሚተኛበት ከገደሉ አፋፍ መንገድ፣
ሰማንያ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነበረን፣
«የዝምታ ቤት» ብለን የጠራነው፤ እሱም ዝም ያሰኘን።
በሩ ላይ በኖራ «ዝም አይነቅዝም» ይላል።
መሪያችን ልሳኑ ይባላል።
(ስም አውጪው አባቱ ምን ታይቶት ይሆን?)

ድምፁ ልዝብ፣ እጁ ሙቅ።
ራሱን የሚያመው ሰው ሲዳብሰው ሲሻለው አይቻለሁ፤ አልክድም፤
የኔም ወገብ በሱ እጅ ነው የቀና፤ ይህን አልሰርዝም።

እኔ ጸሐፊ ነበርኩ።
ሰማያዊ ቢክ፣ ቀጥ ያለ መስመር፦
ስንዴ ሁለት ኩንታል፣ ከሞላሌ፤ አንድ ካርቶን ምስማር፤
ሻማ ሦስት ደርዘን፤ የስፖንጅ ፍራሽ ዐሥራ አንድ፤
የጓዳው ክፍል አንድ ቁልፍ፤
ያዡ ጸሐፊ።

ገጽ አርባ አንድ፣ በራሴ እጅ፦
«አባል ወደርየለሽ፣ ከመዘዞ፣ በፈቃዷ ለቃለች።»
ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የወጣች።
ልሳኑ «ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ።
ስንዴ እንደምጽፍ ጻፍኩ።

ከዚያ እንግዳወርቅ መጣች፤ ሃያ ዓመቷ፤
እንቅልፍ እምቢ ብሏት፣ ከሞተ ጀምሮ አባቷ።
«ልዩ ዝምታ ያስፈልጋታል» አለ፤ ጓዳው ተሰናዳ።
አንድ ሌሊት በሩ ተንኳኳ።
በር ከውጭ ነው የሚንኳኳው፤
እሷ ከውስጥ አንኳኳች።
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፣ ከሳንቲም ጋር፣ ሞቆ ነበር።
ዐሥራ ሦስት ጊዜ። ቆጠርኩ።
ጸሐፊ አይደለሁ፤ ሥራዬ መቁጠር።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ።
«ገመና ነው» አለ አንዱ፤ «ማኅበሩ ይበተናል» ሌላው ቀጠለ፤
«ወይፈን ይካስ፤ እሷስ በውድቅት ምን ትሠራ ነበር?»
ጢሙን እያፍተለተለ።
ልሳኑ ዐይኑን ጨፍኗል። ዝምታው ያምርበታል።
ለኔ «ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ብለህ ጻፍ» ተባልኩ።
ቢኩን ከፈትኩ።

እናቷ ፈለቀች፣ አውቶቡስ መስኮት ሥር ቆሎ ቸርቻሪ፣
አልጮኸችም፣ አልተራገመችም፤
መስፈሪያ ጣሳዋን መሬት ላይ ደፍታ፣
«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤
ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ልሳኑ ዐይኑን ገለጠ፤
ወደ እኔ።
ሠላሳ ሰውም ወደ እኔ።

መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዬ ቁልቁለቱን ወረድኩት።
ገጽ አርባ አንድን አልቀደድኩም፤ አልነካሁት።
ወደርየለሽ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለቀማ ላይ ታየች ይላሉ፤
አላየኋትም፤ ባያት ምን እላለሁ?
ያ የሞላሌ ስንዴ ነቅዞ ነበር፤
ሳልመዘግበው ቀረሁ።

ሳጅኑ ወንበር ሳበልኝ። «ስም?» ነገርኩት።
«ምስክር ነህ ተከሳሽ?»
ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፣ ትንንሽ።
ቢክ አቀበለኝ፤
ሰማያዊ።