አሥራ ሁለተኛው ሶኬት

ሳቮና፣ ወደቡ አጠገብ፣ አራተኛው ፎቅ፤
አሳንሰሩ ቆሟል፣ ቦርሳዬ ከባድ፣ ደረጃው ጭንቅ።
ልጇ ነው የቀጠረኝ፣ ከቶሪኖ ደውሎ፦
«ሶኬቱን በሙሉ ቀይረው፣ አንድም ሳይቀር ነቅሎ።
ግድግዳው አርጅቷል፣ እናቴም አርጅታለች፤
በሦስት አስማሚ ላይ ማቀዝቀዣ ሰክታለች።»

ኤርሲሊያ ትባላለች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
በሩን ከፈተችና፣ ፊቴን ትታ፣ ቦርሳዬን አየችው።

ቆጠርሁ። አሥራ ሁለት ናቸው፤
ግማሾቹ ጠባብ፣ ግማሾቹ ሰፊ ዓይናቸው።
ሦስት ሦስት ቀዳዳ፣ ተሰልፎ በመስመር፤
ትንሹ ለመብራት፣ ትልቁ ለጉልበት፣
አንድ ቤት፣ ሁለት አገር።
ቀጭኑ ስፒና ሰፊው ጋ ቢሄድ እግሩ አይደርስለት፣
ወፍራሙም ከጠባቡ በር ደጅ ሲጠና ይመሽበት።
የጀርመኑ ደግሞ ክብ ነው፣ ወገቡ ሞልቶ፣
እንደ ባዕድ አማች ቆሟል፣ የሚያስገባው አጥቶ።

ስለዚህ ሽማግሌ ተላከ፤
ነጩ በጥቁሩ ጫንቃ፣ ጥቁሩ በቡኒው ላይ ተንበረከከ።
ከማቀዝቀዣው ጀርባ ሦስት አማላጅ ቆመው፣
አንዱን ቢያነጥሰው፣ ወተቱ ነው የሚበላሸው።
መሬት የተጋደመውን፣ ባለ ስድስት አፉን፣
«ነጠላ ጫማ» ይሉታል፤ እንጃ የሚጫማውን።
ምድጃና ልብስ ማጠቢያ አብረው ከተነሡ
ሦስት ኪሎዋት ነው ውሉ፣ ቤቱ ይጨልማል በእነሱ።
ባልቴቷ ግን ታውቅበታለች፤
አንዱ ሲበላ ሌላውን ታስጾማለች።

አሥራ አንዱን ነቀልሁ። ኖራው ረገፈ፤
ጨርቅ የለበሰው ሽቦ፣ እንደ አሮጌ ጋቢ፣ በእጄ ላይ ተገፈፈ።
አሥራ ሁለተኛው ከስፌት መኪናው ኋላ ነው።
ካቻቢቴዬን ሳነሣ «ቆይ» አለች፣ ጓዳ ገብታ
የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች፤
ከመቶ አስማሚ መካከል፣ ሳታይ፣ በጣቷ አንዷን አወጣች።

«እናቴ ቴክላ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሥራዋም በሌሊት።
ያኔ ቆጣሪው ሁለት ነው፤
ለመብራቱ ግብር አለበት፣ ለጉልበቱ ቀለል ይልለት።
ከአንድ ምሰሶ የመጣ፣ ያው ኮረንቲ፣
በትንሹ ቀዳዳ ሲወጣ ውድ፣ በትልቁ ርካሽ፤
ማን ያምናል፣ ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ?» አለች፤
ወንድ መሆኔን ረስታ፣ ከሴት ልጅ ጋር እያወራች።

«ይህችን ገዛች፣ ከመርከብ ጠጋኝ፣ የእጅ ሥራ፣ የተከለከለች፤
በወዲህ ትልቅ እግር፣ በወዲያ ትንሽ ጆሮ ያላት።
አምፖሉን ካውያ ነው ብላ አስቆጠረች፤
በካውያ ዋጋ በበራ መብራት አምስት ልጅ አስተማረች።

አንድ ማታ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ባርኔጣውን አላወለቀም።
እናቴ ነቀለቻት፣ ሊጥ ውስጥ ከተተቻት፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም።
ሰውየው ግን ተቀመጠ። ውጭ ብርድ ነው፣ ምድጃው ነዷል።
‹ዳቦው እስኪወጣ ልሙቅ› አለ፣ ‹መንገዴ ረዝሟል።›
ምን ታድርግ? ከተተችው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ዓይኔን ጨፈንሁ፤
ባክላይት ከስንዴ ጋር ሲሸት፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁ።
አሸተተ። ተነሣ። ደብተሩን ከደነ።
‹እመቤት፣ ዳቦሽ ሙያዬን ሙያዬን ይለኛል› ብሎ ወጣ።
በቃ፣ ያ ሆነ።»

ቤቱ ጭር አለ። አስማሚዋን ገለበጥኋት።
ጠርዟ ጠቁሯል፤ ከቀዳዳዋ ጥግ
ሰባ ዓመት የደረቀ ሊጥ አየሁባት።

ደንቡን አውቃለሁ። ፈቃዴ ማኅተም አለው።
የጀርባውን ሽቦ አደስሁ፣ ፊቱን ግን እንዳለ ተውሁት፣ አልነካሁትም ያንን ዓይን።
ለልጇ በላክሁት ሒሳብ «አሥራ አንድ» ብዬ ጻፍሁ።

ማታ ደወለ። «አሥራ ሁለት አልነበሩም?»
ዝም አልሁ።
«ከስፌት መኪናው ኋላ ያለው ነው የቀረው?»
«አዎ።»
ከስልኩ ማዶ ሳቅ ይሁን ሳል፣ አልለየሁም።

በማግስቱ ገንዘቡ ገባ፤ የአሥራ ሁለት።