የዘበኛው መዝገብ

ጉድጓዱ ሲዘጋ ደወል አልተሰማም፤
ሰኞ ጧት ብንወጣ ሰው የለም፣ ጩኸት የለም።
መዳቡ ተጭኖ፣ ቁልፉ በር ላይ ቀርቶ፣
የሦስት ወር ደሞዜ ወረቀት ላይ ሞቶ።
እኔ ዘበኛው ነኝ፤ ንብረት ሲሄድ ቀረሁ፣
ጠመንጃ አስረክቤ ዱላ ይዤ አደርሁ።

የሄደው ሄደና የቀረው ቀለም ነው፣
ከዋሻው ወለል ላይ ቀን ከሌት የሚፈሰው።
ብርቱካን ይመስላል፣ ኮምጣጤ ነው ውስጡ፤
ጉርጦች ዝም አሉ፣ ሸርጣኖቹም ወጡ።

*

መዝገቡ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣
ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት።
ምንትዋብ በአሥራ አንደኛው ዓመት ከደብረ ብርሃን መጥታ ሰጠችኝ፦
«ጋሽ ወሰንየለህ፣ እርስዎ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ፤
ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ።»
ከቀጫጭን ወረቀቶቿ አንዱን ውሃ አቀመሰችው፤
ወረቀቱ እንዳፈረ ሰው ፊቱ ቀላ።
ሦስት፣ ብዬ ጻፍኩ።
ጤናው ሰባት ነው፣ አለችኝ።

ከሦስት እስከ ሰባት ምን ያህል ነው መንገዱ?
በጣት ቢቆጥሩት አራት።
እሷ ግን «አንዱ እርከን አሥር እጥፍ ነው» አለች፤
ከደብረ ሲና ጣርማ በር በእግሩ የወጣ ይገባዋል፦
ጠመዝማዛው አለቀ ሲሉ ሌላው ይጀምራል።

*

ኖራውን በጆንያ በአህያ ጭነን፣
የጣርማ በር ጉም ቁልቁል ሸፍኖን፣
ሸዋንግዛው ሲፈልጥ፣ አጥናፌ ስትነፋ፣
የማን ዕድሜ ስንት ነው? ልዩነቱ ጠፋ፤
ቅንድባችን ነጭ፣ ጸጉራችን ነጭ ሆኖ
ልጁ ሽማግሌ ነው በአቧራ ተከድኖ።

ቦይ ቆፍረን የኖራ ድንጋይ ደረደርን፣
ታች ረግረጉ ላይ ፊላ ተከልን።
ውሃው ኖራ ሲያገኝ ይጨቃጨቃል፣ አረፋ ይተፋል፣
ዝገቱን እንደ አተላ ከሥሩ ይጥላል።
አተላውንስ? ጉድጓድ ምሰን፣ ላስቲክ አንጥፈን ቀበርነው።
«ይቀበራል እንጂ አይሞትም» ይላል ሸዋንግዛው፣
አካፋውን እየጠረገ።

*

መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ አንድ ቁጥር አለኝ፦
ሁለት መቶ ብር።
ዝናብ በጣለበት ሌሊት ፎርማኑ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ
«ገንዳው ሞልቷል፤ ያንን ቧንቧ ክፈተው፣
ጧት ማንም አያውቅም» ሲለኝ
የከፈትኩበት።
በብሩ ለልጄ ጫማ ገዛሁ።
ጫማው አንድ ክረምት አልቆየም።
ውሃው ቆየ።

ያ መዝጊያ አሁንም መዳፌ ውስጥ ይዞራል፣
ዳገት ስወጣ፣ ጆንያ ስሸከም፣ ቅዳሴ ስቆም።
ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ስገድ፣ ጹም አሉኝ።
ሰገድኩ፣ ጾምኩ።
ለወንዙስ ማን ይስገድለት?
ኖራ እሸከማለሁ።

*

ሚያዝያ ፲፪፦ ሦስት ከግማሽ።
ሰኔ ፫፦ አራት። ዝናብ ጀመረ።
ነሐሴ ፳፩፦ ወደ ሦስት ተመለሰ። ጎርፉ ቦዩን ደረመሰው።
አጥናፌ አለቀሰች፣ ሸዋንግዛው ተሳደበ፣
ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይለቅሙ ጀመር።
ጥቅምት ፭፦ አምስት። ማታ አንድ ጉርጥ ሰማሁ፤
ከላይኛው ምንጭ ይሆናል።
(ጉርጥ ቁጥር ውስጥ አይገባም፣ ብላኛለች። እኔ ግን ጻፍኩት።)

ዛሬ ጆንያውን ካወረድኩላት በኋላ
አህያዬ ሳልነዳት ወደ ውሃው ሄደች።
አንገቷን ዝቅ አደረገች።
አጥናፌ ወንፊቱን አቆመች፣ ሸዋንግዛው መዶሻውን፤
ቦዩ ብቻ ነበር የሚያወራው።
አህያዋ አሸተተች፣
አነጠሰች፣
ፊቷን መለሰች።

ኅዳር ፰፦ አምስት ተኩል።
አህያዋ አልጠጣችም።
ነገ ኖራ የማመላለስ ተራ፦ ወሰንየለህ።